ስለ ትንሹ ፈተና
በክሬንሾው ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና ወገኖች የተደረገ ንግግር



ለዚህ ምሽት የተሰጠኝ አርእስት «ታማኝነት» የሚል ነው። ስለ ታማኝነት በጅምላ መናገር ቀላል ነው፤ ተናጋሪውም ይመሰገናል፣ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩን ላጥብበውና ስለ ትንሹ ፈተና ብቻ ልናገር። ቋንቋችን «ፈተና» በሚለው በአንዱ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ ተማሪ በወረቀት ላይ የሚጠየቀውንም፣ ሰው በልቡ የሚፈተንበትንም። ሁለቱ ፈተናዎች በአንድ ክፍል በአንድ ሰዓት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከተማሪ የበለጠ የሚያውቅ የለም። (በንግግሬ የምጠራቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ስለ ሌብነት ስንነጋገር የምንነጋገረው ዘወትር ስለ ትልቁ ነው። ሚኒስትሩ ስንት ወሰደ፤ የጉምሩኩ ሹም ስንት ተቀበለ፤ መሬቱ ለማን ተሸጠ። ከዚህ ከክሬንሾው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ሄደን፣ በፌርፋክስ መንገድ ላይ በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል፣ ከተማው በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት ሰፈር ቡና ስንጠጣ ይህ ጨዋታ የማይነሣበት ቀን የለም። መነሣቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ጠረጴዛ ላይ አንዱ «ስቀር የሥራ ሰዓቴን ጓደኛዬ ይሞላልኛል» ቢል፣ ሌላዋም «ቅጹ ላይ የምኖረው ከአክስቴ ጋራ ነው ብያለሁ» ብትል፣ የሚደነግጥ አይገኝም። ሲኒው ይሞላል፤ ጨዋታውም ወደ ሚኒስትሩ ይመለሳል።

ስለምን አንደነግጥም? ሁላችን ሌቦች ስለ ሆንን አይደለም። ትንሹ ፈተና ሌብነት መስሎ ስለማይመጣ ነው። ወንድምነት መስሎ፣ ርኅራኄ መስሎ፣ ከሁሉም ይልቅ ይሉኝታ መስሎ ይመጣል። ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህችን አንዲት ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእርሷ ማስረጃ ነው።

በመጀመሪያ ዘመድ የሌለበትን ፈተና ልውሰድ። የሎስ አንጀለስ የከተማ ባቡር በ1990 ሥራ ሲጀምር በጣቢያዎቹ ላይ በር አልነበረም። ተሳፋሪው ቲኬቱን ይገዛል ተብሎ ታመነ። ከብዙ ዓመት በኋላ በብዙ ጣቢያ በር ቢገጠምም፣ በመንገድ ላይ ባሉት ጣቢያዎች ዛሬም ካርድ የሚነካበት ትንሽ መሣሪያ ብቻ ቆሞ የሚገኝበት አለ። ዋጋው 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው፤ የነካና ያልነካን የሚለይ ዐይንም አብዛኛውን ጊዜ የለም። ለእኔ ይህ ፈተና ከቀላሎቹ አንዱ ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን ቁርጡን ከወሰነ በኋላ እጁ በልማድ ካርዱን ይነካል፤ ከራሱም ጋራ በየጧቱ መከራከር አያስፈልገውም። እውነተኛ ችግር ላለበትም ዋጋ የሚቀንስ ሕጋዊ መርሐ ግብር ስላለ ተመዝግቦ ይጠቀምበት። አስቸጋሪው የሚመጣው በር ባለበት ጣቢያ ነው። አንተ ካርድህን ነክተህ ስታልፍ፣ ከኋላህ በአማርኛ «በሩን ያዝልኝ፣ ወንድሜ» የሚል ድምፅ ትሰማለህ። አሁን ጥያቄው የ1 ዶላር ከ75 አይደለም። የአገርህን ልጅ በር ላይ ጥለህ የምትሄድ ሰው ነህ ወይስ አይደለህም የሚል ሆነ። ለራሱ አንድ ሳንቲም የማይሰርቅ ሰው በዚህ ጊዜ በሩን ይይዛል።

«በሩን ያዝልኝ» የሚለው ቃል በፈተና ክፍል ውስጥ «መልሱን አሳየኝ» ይሆናል። በጥቅምት 2022 የትምህርት ሚኒስቴር ኩረጃን ለማስቀረት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያሳደረ ፈተናቸው። ከ896 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ተፈተኑ። በጥር 2023 ውጤቱ ሲገለጽ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ከመቶ 3.2፣ በ2024 ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆነ። ይህን ሁሉ ያመጣው ኩረጃ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ጦርነት ነበር፣ በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር፣ መጽሐፍና መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ነገር ግን እኔን ያስደነገጠኝ ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ ከዚያ በፊት ሳናየው መቆየታችን ነው።

እስቲ ማን እንደ ደበቀብን አስቡ። በገንዘብ መልስ የሸጡ መኖራቸው አይካድም፤ ብዙው ግን በነጻ የተሰጠ ነው። ጎበዙ ተማሪ ወረቀቱን ወደ ጎን አዘነበለ፤ ባያዘነብል ኖሮ «ራስ ወዳድ» ተብሎ ሰፈር ውስጥ መግቢያ ያጣ ነበር። ፈታኙ መምህር ድኻ ተማሪዎቹን አይቶ አዘነና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ወላጅም ዝም አለ። ሁሉም ደግ ሰው ነው። የደጎቹ ሁሉ ሥራ ተጠራቅሞ ያመጣው ፍሬ ግን ይህ ነው፤ የፊዚክስ መምህር አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ፊዚክስ እንዳወቀ ተቆጠረለት። እንዳወቀ ስለ ተቆጠረለትም መምህር ይላክለት ብሎ የጮኸ አልተገኘም። ወረቀቱን ያሳየው ጓደኛው የረዳው መስሎት የልጁን አቤቱታ ቀደደበት።

ይህ የድኻ አገር ነገር ነው የሚል ካለ ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልገውም። መጋቢት 12 ቀን 2019 የአሜሪካ መንግሥት ዐቃብያነ ሕግ ሃምሳ ሰዎችን ከሰሱ። ዊልያም ሪክ ሲንገር የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ከባለጸጎች ገንዘብ እየተቀበለ ልጆቻቸውን በተንኮል ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስገባ ተገኘ። አንዳንዱን ልጅ ተጫውቶት የማያውቀው ስፖርት ተጫዋች ነው ያሰኛል፤ ለአንዳንዱ ደግሞ በዌስት ሆሊውድ በነበረ የፈተና ጣቢያ መልሱን ያሳርምለታል። ከተከሳሾቹ መካከል ከክሬንሾው በባቡር ጥቂት ጣቢያ ወደ ምሥራቅ ባለው በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል የሚሠሩ ነበሩበት። ሲንገር ጥፋቱን አምኖ በጥር 2023 የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። ፊሊሲቲ ሃፍማን የተባለችው የታወቀች ተዋናይት የልጇ መልስ እንዲታረም 15 ሺህ ዶላር ከፍላ ዐሥራ አራት ቀን እስራት ተፈርዶባታል። ለዳኛው ያቀረበችው ምክንያት መልካም እናት ለመሆን ስትጣጣር ነገሩ እንደ ደረሰባት የሚገልጽ ነበር፤ እኔም በዚህ አምናታለሁ። ልጅቱ ግን የተደረገላትን አታውቅም ነበር።

በአገራችን እንቁላል ሰርቆ የመጣውን ልጅ ተረት የማያውቅ የለም። ልጁ እንቁላል ይዞ መጣ፤ እናቲቱ ተቀብላ ቀቀለች። በኋላ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲወሰድ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ኖሮ» አላት። ይህን ተረት ለልጆች የምንነግረው ስለ ልጁ እያስመሰልን ነው። እኔ ስለ እናቲቱ ይመስለኛል። ሌባ አልነበረችም። የምታበላው የሌላት፣ ልጇ ለቤቱ አስቦ መምጣቱ ደስ ያሰኛት ሴት ነበረች። እንቁላሉን «መልስ» ለማለት በዚያ ሰዓት የልጇን ፊት ማጥቆር ነበረባት፤ እርሱን አልቻለችም። እኛም የምናቅተው እዚያው ላይ ነው።

እንግዲህ ትልቁ ሌባ ከየት ይመጣል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የሚተርትበት ሹሙ ብቻ አይደለም፤ ዘመዱም ነው። ተሹሞ ያልበላ ሰው በመንደሩ «ለወገኑ የማይሆን» ይባላል። የተማሪው ትውልድ በዘመኑ ይህን ሥርዓት አጥብቆ ነቀፈ፤ ነቀፋውም እውነት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርጉ፣ መርማሪ ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ባለ ወንበሮቹ ሄዱ፤ ጉቦ ግን የሚቀጥሉትን ባለ ወንበሮች እየጠበቀ ቆየ። ይህም እውነት ስለ ሆነ ነው በ2001 የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ማቋቋም ያስፈለገው። ሹሙን የሚለውጥ አዋጅ አለ፤ «ለዘመድህ ሁንለት» የሚለውን የቤተ ዘመድ ድምፅ የሚለውጥ አዋጅ ግን ማንም አውጥቶ አያውቅም።

በዚህ ከተማ ሌሊት በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ብዙ ናቸውና ስለ ጉርሻ አንድ ቃል ላስገባ። ጉርሻ የምንለው በእጃችን የምናጎርሰውንም፣ ለአስተናጋጅ የምንተወውንም ነው፤ ሁለቱም የፍቅር ነው። ነገር ግን ባለ መኪናው «ቲኬቱን ተወው፣ አሥር ዶላር ልስጥህና ልግባ» ሲል ያችን አሥር ዶላር ጉርሻ ብለን ብንጠራት ቃሉን እናጎሳቁለዋለን። ጉርሻ ከሥራው በኋላ ይመጣል፤ ሥራውን አያጣምምም። ቀድሞ የመጣና ሥራውን ያጣመመው ስሙ ሌላ ነው፤ ስሙንም ሁላችን እናውቀዋለን።

መድኃኒቱን በተመለከተ ግን አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ብልሆች ነበሩ። እቁብን ተመልከቱ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ገንዘቡን ሳይቀበል መዋጮ መክፈል ቀላል ነው፤ ፈተናው የሚጀምረው ከተቀበለ በኋላ ነውና ዋሱም በዚያው ይጠየቃል። በእድርም ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ሁለት ሰው ናቸው። «ዋስ ጥራ» ሲባል «ሰደባችሁኝ» ብሎ የሚነሣ የለም፤ ደንቡ ለሁሉ ነውና። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ልቤን እመኑ ከማለት ይልቅ ይሉኝታው አስቀድሞ እንዲነሣ አድርገው ሠሩት።

ጓደኛን እምቢ ማለትም በዚሁ መንገድ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እምቢታው አስቀድሞ ይነገር። ፈተናው ሰኞ ከሆነ ሐሙስ ማታ «ወንድሜ፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አብሬህ አጠናለሁ፤ ቅዳሜም እመጣለሁ፤ በፈተናው ክፍል ግን አትጠይቀኝ» በሉት። ሰኞ በክፍሉ ውስጥ የተነገረ እምቢታ ክህደት ይመስላል፤ ሐሙስ የተነገረው ግን ውል ነው። የሥራ ሰዓት ሙላልኝ ለሚለውም «ስትቀር ንገረኝና ተራህን እኔ እሠራልሃለሁ» ማለት ይቻላል። እርግጥ ይህ ከመፈረም የበለጠ ያደክማል። እውነተኛ ወንድምነት ብዙ ጊዜ ከሐሰተኛው ይልቅ ውድ ነው፤ ሦስት ሌሊት ያስጠናል፣ እሑድ ያሠራል። ሐሰተኛው ግን በአንድ ፊርማ ያልቃል።

በትዕዛዝ ድርሰት ስለሚጽፈው አዲሱ የኮምፒዩተር መሣሪያ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ብዙ የምለው የለኝም። መምህራችሁ የፈቀደውን ተጠቀሙበት፤ ያልፈቀደውን አትጠቀሙ። ጓደኛ አጽፎ በስም ከማቅረብ የሚለየው የሚያፍሩበት ጓደኛ አለመኖሩ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ። በተማሪ ቪዛ ላላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሰጠውንና የተቀበለውን እኩል ይቀጣሉ፤ ከትምህርት የተባረረ ተማሪም የቪዛ መብቱ አብሮት ይሄዳል። ለወገናችሁ ብላችሁ ያደረጋችሁት ነገር ወገናችሁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያደርሰው ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ዛሬ ማታ በበሩ ላይ ለቤት ኪራይና ለምግብ መዋጮ ተሰብስቧል። እስከ ዛሬ እንደምናደርገው አንድ የታመነ ሰው በኪሱ ይዞት ቤቱ ገብቶ ይቆጥረዋል። ሰውዬው የታመነ መሆኑን አልጠራጠርም፤ እርሱም እዚህ ተቀምጧል፤ አስቀድሜ ስለ ነገርሁት አይቀየመኝም። የማሳስበው ሣጥኑ ከመነሣቱ በፊት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች እንዲቆጥሩት፣ ሦስተኛው እንዲጽፈው፣ ድምሩም ከመበተናችን በፊት ለሁላችን እንዲነበብ ነው። ከሊቀ መንበሩ ፈቃድ ጋራ፣ ከጥያቄው በፊት ቆጣሪዎቹን እንምረጥ።