አዲስ ቡችላ ብቻውን ሲቀር፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዴት እናሳልፍ?

ለብቸናና ለሞጣ አካባቢ ሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር



በእነዚህ ሥልጠናዎች ስለ በሬ ማድለብ፣ ስለ ጥጃ አስተዳደግና ስለ ዶሮ በሽታ ብዙ ተነጋግረናል። ስለ ውሻ ግን እምብዛም አንስተን አናውቅም። ሆኖም ሌሊት በረቱን ከጅብና ከሌባ፣ በመኸር ጊዜ ደግሞ ክምሩንና አውድማውን የሚጠብቅልን እሱ ነው። ዛሬ የማነሳው አንድ ጉዳይ ነው፤ አዲስ ያመጣነው ቡችላ ከእናቱ ተለይቶ ብቻውን ሲቀር ሲጮህና ሲያላዝን ምን እናድርግ?

ነገሩ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ቀላል አለመሆኑን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። ገና የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ገጠር ስመደብ አንድ ወር እንኳን ያልሞላው ቡችላ ወስጄ በረት ውስጥ አሰርኩት። ሦስት ሌሊት አለቀሰ። በሦስተኛው ሌሊት ተነሥቼ በዱላ መታሁት። በአራተኛው ዝም አለ፤ እኔም «ለመደ» ብዬ ተኛሁ። ለካስ ፈርቶ እንጂ ለምዶ አልነበረም። ካደገ በኋላ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ገመዱን እየበጠሰ፣ አጥር እየሾለከ ከባለቤት አልባ ውሾች ጋር ይዞር ጀመር። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ነከሰ። ክትባት አላስከተብኩትም ነበር። ሰዎች ውሻውን ወዲያው ገደሉት፤ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ የምናውቅበት መንገድ አልቀረም። ልጁ መርፌውን በሙሉ መወጋት ግድ ሆነበት። እናቱ ልጇን አዝላ ከተማ ስትመላለስ ያየሁት ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ግን የውሻው ሳይሆን የእኔ ነበር።

ቡችላው ለምን ያለቅሳል?

ጥጃ ከላሟ ስትለዩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን ይጮኻል፤ ላሟም ትጮኻለች። «ጥጃው ክፉ ነው» ብሎ የሚመታው ግን የለም። ቡችላም እንዲሁ ነው። ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ተደራርቦ፣ የእናቱን ሙቀት እያገኘ ሲተኛ ኖሮ በአንድ ቀን ብቻውን ይቀራል። ጩኸቱ «የት ናችሁ?» ብሎ መጣራት ነው። እልኸኛ ሆኖ አይደለም። «ሲያላዝን ሟርት ነው» ብሎ አውጥቶ መጣልም ተገቢ አይደለም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዕድሜውን ጠብቁ። ብዙዎቻችን ዓይኑን ከገለጠ ይበቃዋል እንላለን። ዓይኑን የሚገልጠው ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከእናቱ መለየት ያለበት ሁለት ወር ሲሞላው ነው። ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት አጥብቆ ከነከሰ እነሱ ጮኸው ይሸሹታል፤ በዚህም ጥርሱን መቆጣጠር ይማራል። ቶሎ የተወሰደ ቡችላ ይህን ትምህርት ያጣል።

ሁለተኛ፣ ጠዋት አምጡት። ቀኑን ግቢውንና ቤተሰቡን ሲያሸት ከዋለ ሌሊቱ ይቀለዋል። ከእናቱ ጋር የተኛበትን ጨርቅ ወይም የአጎዛ ቁራጭ አብራችሁ አምጡ። የእናቱ ሽታ ያረጋጋዋል።

ሦስተኛ፣ መኝታውን ቅርብ አድርጉለት። ቡችላን ራቅ ካለ በረት ወይም ከአጥር ሥር ማሳደር ለጅብ መጥራት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ድምፃችሁን ከሚሰማበት በር አጠገብ፣ ከነፋስና ከዝናብ የተከለለ ቦታ ላይ ጭድ አንጥፋችሁ አስተኙት። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ መኝታውን ወደ ቋሚ ቦታው ትንሽ በትንሽ አርቁት።

አራተኛ፣ ብቻ መሆንን በጥቂት በጥቂቱ አስተምሩት። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ማሳ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቡችላው ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚውል ከሆነ አይችለውም። መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ ከዓይኑ ተሰወሩና ተመለሱ። ቀጥሎ አምስት ደቂቃ፣ አሥራ አምስት፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት አድርጉት። ከመውጣታችሁ በፊት አብሉት፤ የሚያኝከው ነገርም ተዉለት። የዶሮ አጥንትና የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ ጉሮሮውን ሊወጋው ስለሚችል አትስጡት። ስትወጡም ስትገቡም አታሽሞንሙኑት። የምትመለሱት ዝም ባለበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ ስለጮኸ የመጣችሁ ይመስለዋል።

አምስተኛ፣ ሲያለቅስ ምክንያቱን እዩ። ርቦት፣ በርዶት ወይም ሽንቱ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የሁለት ወር ቡችላ ሌሊቱን ሙሉ ሽንቱን መያዝ አይችልም። አውጥታችሁ መልሱት፤ ጨዋታ ግን አትጀምሩ። ምግቡን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡት። እንጀራ በአጓት ወይም በአሬራ አርሳችሁ መስጠት ትችላላችሁ።

ስድስተኛ፣ አትምቱት፤ ቀን ከሌት አስራችሁም አታኑሩት። ሁልጊዜ ታስሮ የሚያድግ ውሻ ወዳጅና ባዕድ መለየት አይማርም። ሲፈታ ያገኘውን ይነክሳል። ልጆቻችሁም በድንጋይና በዱላ እንዳያስፈራሩት ምከሯቸው።

ልቅሶና በሽታን እንለይ

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በናፍቆት የሚጮህ ቡችላ ሰው ሲያይ ዝም ይላል፤ ይበላል፤ ይጫወታል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ግን ጠባዩ በድንገት ይለወጣል። ድምፁ ይለወጣል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ሳይነካ ይናከሳል፤ ወይም ፈዞ ጥግ ይይዛል። ቡችላም ሊታመም ይችላልና «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። እንዲህ ያለውን ቡችላ ልጆች እንዳይነኩት አድርጋችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው አሳውቁ።

በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ሕይወት ማትረፍ አይቻልም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚከሰተው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱ ሰዎች መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ ከዚያም በየዓመቱ አሳድሱ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ጸበሉም ሆነ ሌላው ርዳታ ክትባቱን እንዳያዘገየው አደራ። የነከሰውን ውሻ በደህና መያዝ ከተቻለ ሳትገድሉ ለ10 ቀን ለብቻው አቆዩትና ባለሙያ ይከታተለው። በእኔ ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ ያች እናት ያን ያህል ባልተጨነቀች ነበር።

ውድ አርሶ አደሮች፣ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ደግሞ ከደረሰብኝ ተነሥቼ የምጨምረው አለኝ፤ በበላበት የሚጮኸው ግቢውን ቤቴ ብሎ የለመደ ውሻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የታገሠ ሰው ለዓመታት በረቱን የሚጠብቅለት ያገኛል። ያልታገሠ ደግሞ የጎረቤቱን ልጅ አደጋ ላይ ይጥላል። እናንተ ሞዴል ናችሁ፤ ጎረቤት የሚያየው እናንተን ነው። ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ አዲስ ቡችላ ላመጣ ጎረቤት ይህን ንገሩ፤ የእናንተን ውሻ ደግሞ ቀድማችሁ አስከትቡ።