ስለ ገብሳችን ጄኔቫ ላይ ሲወሰን እኛ የት ነን?

(ጥሊሊ ላይ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)

የሰባት ቤት አገው ልጆች!

ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሶቻችን አጊጠው ሲወጡ ደረታችን ይነፋል። ይገባናልም! ግን ፈረሱ በዓሉ ሲያልፍ የሚመለሰው ወደ ማሳ ነው። ስለ ፈረሱ እየዘፈንን ስለ ማሳው ዝም ካልን ለሕዝባችን ቆመናል ማለት አንችልም።

ዛሬ ሩቅ የሚመስል ጉዳይ ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም ነው። «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። አባል የሚሆን አገር ከውጭ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ዕቃ የቀረጥ ጣሪያ ያስመዘግባል። ስንዴ ይህን ያህል፣ ብቅል ይህን ያህል ተብሎ አንዴ ከተጻፈ ከዚያ በላይ ማስከፈል አይቻልም። በኋላ ጣሪያው ከፍ ይበል ቢባል እንደገና መደራደርና መካስ ይመጣል።

እንደኛ ላሉ አገሮች በ2004 ዓ.ም የወጣው መመሪያ የግብርና ምርት ጣሪያ በአማካይ 50 በመቶ እንዲሆን ያስቀምጣል። «በአማካይ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ! አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል ማለት ናት። ታዲያ የሚጠበቀው የማን ሰብል ነው? የኛ ገብስ ነው ወይስ ለውጭ ብቅል በሩ ይከፈታል? የጓጉሳ ሽኩዳድን ገበሬ ማን ጠየቀው?

ሌላም አለ። ነገ አንዱ መጥቶ «ማዳበሪያ የማይደጎመው ጄኔቫ ስለከለከለ ነው» ቢላችሁ አትመኑት። የድርጅቱ የግብርና ስምምነት በማደግ ላይ ያለ አገር ለድሃ ገበሬው ማዳበሪያና ዘር እንዲደጉም ይፈቅዳል። ማዳበሪያችን በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ የሚገባ ነው፤ ብር በወረደ ቁጥር ኩንታሉ ይወደዳል። ያን ሸክም ማን ይሸከም የሚለው እዚሁ አገር ቤት የሚወሰን ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ድንቻችንን የጎዳው ጄኔቫ አይደለም። ደህና ማከማቻ ስለሌለን፣ ሁላችንም ባንድ ሳምንት አውጥተን ደላላ በቆረጠው ዋጋ ስለምንሸጥ ነው። ይህንን ቀረጥ አያድነውም፤ የጠነከረ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው የሚያድነው።

እንግዲህ የቤት ሥራችን ይኸው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ተወካያችንን አሁኑኑ እንጠይቅ፦ ለገብስና ለስንዴ የተያዘው ጣሪያ ስንት ነው? ማኅበራችንም ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ። የተማርን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቀበሌያችን ወርደን ለአባቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ እናስረዳ።

ከተፈረመ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ወገን!

ክብር ለአራሹ ሕዝባችን!