የፊልሙ ተዋንያን በየትኛው መደብ ይመዝገቡ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሉማሜ፣ ከቀረበ ንግግር)



የእኔ ድርሻ የአጭር ፊልሙን በጀት ማስረዳት ነው። የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ስለ ፊልም የማውቀው እናንተ የምታውቁትን ያህል ነው። ይሁንና አንድን ሰው በበጀት ላይ የምንጽፍበት ቦታ ስለዚያ ሰው ምን እንደምናስብ ያሳያልና፣ ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ልናገር።

እቅዱን ያመጡት አራት አባሎቻችን ናቸው። ሁለቱ እዚሁ ሉማሜ አሉ፤ አንዷ በክራንች ትሄዳለች፣ ሌላዋ እጇ ላይ ጉዳት አለባት። ሦስተኛዋ ዓይነ ስውር ናት፣ ደብረ ማርቆስ ትኖራለች። አራተኛዋ መስማት የተሳናት ስትሆን ያለችው ደጀን ነው። የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። አንዲት ሴት ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ትሄዳለች። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፣ መወጣጫው ደረጃ ብቻ ነው። ታች ቆማ የሚወርድላት ሰው ስትጠብቅ ለሦስት ጓደኞቿ ስልክ ትደውላለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች ይሁን ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ ግን ገና ደረጃው ሥር ናት። ፊልሙ ያ ጥሪ ነው።

ታሪኩ የስልክ ጥሪ ስለሆነ አራቱ አንድ ቦታ መገናኘት የለባቸውም። እያንዳንዷ በቤቷ ተቀርጻ ትልካለች። ይህን ያሰቡት እነሱ ናቸው፤ እኔ ብሆን አላስበውም ነበር። ከዚህ በፊት ለአንድ ቀን ስብሰባ እንኳ የሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ እስከ አዳራሽ የባጃጅ፣ የረዳት፣ የማደሪያ እያልኩ ስጽፍ ገንዘቡ ሥራው ሳይጀመር ያልቅ ነበር።

በዓለም ላይ እንዲህ የሠራ አለ ወይ ለሚል፣ አለ። ለንደን ውስጥ ግራያይ የሚባል የቴአትር ቡድን አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካቋቋሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ናቢል ሻባን፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበርና በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀስ የነበረ ተዋናይ ነው። ከ1997 ጀምሮ የመሩት ጄኒ ሲሊ መስማት የተሳናቸው ሴት ናቸው፤ የ2012ቱን የለንደን ፓራሊምፒክ መክፈቻ ከባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁም እሳቸው ናቸው። በ2020 ኮሮና ቴአትር ቤቶችን ሲዘጋ ቡድኑ አካል ጉዳተኛ ጸሐፊዎችንና ተዋንያንን በየቤታቸው እንዳሉ አገናኝቶ አጫጭር ድራማዎችን በኢንተርኔት አቀረበ። ያኔ ዓለም ሁሉ ከቤት መሥራትን እንደ አዲስ ነገር ያወራ ነበር። ብዙ አካል ጉዳተኞች ግን ይህንኑ ከዚያ በፊት ሲጠይቁ “አይሆንም” ይባሉ ነበር። ጤነኛው ሲቸገር ነገሩ በሳምንት ሆነ።

አንድ የኮሚቴ አባል “ለምን እውቅ ተዋናይት ከባሕር ዳር አናመጣም? እንባ ታስመጣለች” ብለዋል። አሳባቸው ክፉ አይደለም፤ ግን እንባ መች ተፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን “ክራምብስ” የተባለ ፊልም ያየ ይኖራል። አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ቢሆንም የተሠራው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። በኢንተርኔት የተሠራ አይደለም፤ የማነሣው ስለ መሪ ተዋናዩ ስለ ዳንኤል ታደሰ ነው። ዳንኤል አካል ጉዳት አለበት። በፊልሙ ላይ ያፈቅራል፣ ይፈራል፣ ሰማይ ላይ ወደ ቆመችው መንኮራኩር ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ፍቅረኛዋን ሆና የምትጫወተው ሰላም ተስፋዬ ናት። ማንም ሳንቲም አይጥልለትም። በምናያቸው ድራማዎች አካል ጉዳተኛ የሚመጣው በአብዛኛው ምጽዋት ሊቀበል ወይም በተአምር ሊድን ነው፤ ይህን ማለቴ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ፣ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ዓይነ ስውር የኔታ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ቅኔ ሲያስቆጥሩ የሚደነቅ የለም። ትምህርቱ በቃል ይሰጣል፣ በጆሮ ይያዛል፤ ሥራው ከጥንቱ ለእሳቸውም በሚመች መንገድ ተደራጅቷል። የአራቱ እህቶቻችን እቅድም ከዚህ አይለይም።

አሠራሩን ላስረዳ፣ ወጪው ከዚያ ነውና። የንግግሩ ጽሑፍ በቴሌግራም በድምፅ ይላካል፤ ዓይነ ስውሯ ሰምታ ትይዛለች። ለደጀኗ ደግሞ በጽሑፍ ይሄዳል፤ ልምምዱም በቪዲዮ ጥሪ፣ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይሆናል። አስተርጓሚው አዲስ አበባ ሆኖ መሥራት ይችላል፤ ማደሪያ አንከፍልም፣ የሰዓቱን ግን እንከፍላለን። ቪዲዮ እንዲሁ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፤ “ፋይል” ተብሎ ሲላክ እንደተቀረጸ ይደርሳል፣ ዳታ ግን ይበላል። ስለዚህ የትራንስፖርቱ መደብ ሲወርድ የካርዱ መደብ ወጥቷል። አያስደንግጣችሁ።

እያንዳንዷ ቀረጻ ስትጀምር አንድ ጊዜ ታጨበጭባለች፤ ኋላ ምስልና ድምፅ የሚገጣጠመው በጭብጨባዋ ነው። ድምፁን የምትመርጠው ዓይነ ስውሯ ናት። በሙከራው ላይ እኛ ያልሰማነውን የሩቅ ወፍጮ ሰምታ “ይሄ ይደገም” ብላ መልሳዋለች። ምስሉን የምትመርጠው የደጀኗ ናት፤ የፊት ለውጥን እንደሷ የሚያነብ አላየሁም።

ዳታ ቢጠፋስ? በ2015 ዓ.ም የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየን ታውቃላችሁ። ደጀን፣ ሉማሜና ማርቆስ አንድ መንገድ ላይ ናቸው። ያን ጊዜ ሜሞሪ ካርዱ በሹፌር እጅ ይሄዳል፤ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይቆምም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አራቱ የተጻፉት “ተጠቃሚዎች” በሚለው ሥር፣ ከምሳና ከአበል ጋር ነበር። አስተርጓሚውና ምስሉን የሚያቀናብረው ልጅ ግን “የባለሙያ ክፍያ” ላይ ናቸው። ለምን? ታሪኩን የፈጠሩት፣ የሚጫወቱት፣ ድምፅና ምስል የሚመርጡት እነሱ ናቸው። “ለራሳቸው ጥቅም ነው፣ ክፍያ ምን ያደርጋል” የሚል ቃል ሰምቻለሁ። ባለሙያው ልጅስ ለራሱ ጥቅም አይደለም የሚሠራው? የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚናገረው ስለ ሥራ ነው እንጂ ስለ ስጦታ አይደለም። በየዓመቱ ኅዳር 24 እህቶቻችንን መድረክ ላይ አውጥተን ሳሙናና ነጠላ ሰጥተን ፎቶ እናነሣለን፤ ማይክራፎን ግን አንሰጣቸውም።

ስለዚህ ባቀረብኩላችሁ በጀት ላይ አራቱ በባለሙያ መደብ ገብተዋል፣ በውል። ግብር ይቀነስባቸዋል። ይህን ስነግራት አንዷ ከት ብላ ሳቀችና “ደረሰኙን በስሜ ስጪኝ” አለችኝ። ለደጋፊዎቻችን የምለው፦ በሪፖርታችን ላይ የተጠቃሚዎች ቁጥር በአራት ሲያንስ ብታዩ ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ የክፍያውን ገጽ ግለጡ፣ እዚያ ታገኟቸዋላችሁ።

አንድ ወጪ ግን በስልክ ማስቀረት አልቻልኩም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1728፣ የዓይነ ስውርና ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይናገራል። እንዳይታለሉ ለመጠበቅ የተጻፈ ነው፤ ግን ሌሎቹ ቤታቸው ሆነው የሚፈርሙትን ውል የማርቆሷ እህታችን ወረፋ ይዛ ማጽደቅ አለባት። እሷም ብትሆን ውሉ ይጽደቅልኝ፣ ማንም ኋላ እንዳይክደው ብላለች። ስለዚህ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ የባጃጅ ደርሶ መልስ፣ የማጽደቂያና አብራት ለምትሄደው ሰው የቀን ክፍያ ተጽፏል። ወረቀቱ እየታደለ ነው፤ እያያችሁ ጠይቁኝ።