ወዶ መዳኘት፦ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በአራት አገሮች

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። 

«ሃይማኖትና መንግሥት በተለያዩበት አገር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ምን ይሠራል?» የሚሉን አሉ። ዛሬ የሌሎችን አገሮች ልምድ ከእኛ ጋር እናስተያይ።

ጎረቤታችን ኬንያ ብዙኃኑ ክርስቲያን ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 170 የቃዲ ፍርድ ቤቶችን አጽንቷል። ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሙስሊሞች ሆነው ዳኝነቱን ሲቀበሉ ነው። ህንድ ሌላ መንገድ ይዛለች። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ መሠረት የሙስሊሙን የቤተሰብ ጉዳይ በእስልምና ሕግ የሚዳኘው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ዳኛው ሙስሊም ባይሆንም።

ግሪክ ደግሞ ትምህርት ትሰጠናለች። በምዕራብ ትሬስ አንድ ሙስሊም ሀብቱን በሙሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ለሚስቱ ተናዘዘ። ሲሞት እህቶቹ ከሰሱ፤ የአገሪቱ ፍርድ ቤትም ባልየው ሙስሊም ስለነበረ በሸሪዓ ብቻ ይታይ አለ። ሚስትየዋ የውርሱን ሦስት አራተኛ አጣች። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። የኑዛዜው ሸሪዓዊ ብይን ሌላ ርዕስ ነው። የእኛ ነጥብ ግን ፈቃድ ሳይጠየቅ የተጫነ ዳኝነት ለሙግት በር መክፈቱ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሸሪዓ ፍርድ ቤታችን የማንም ችሮታ ሳይሆን መብታችን ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ግልጽ ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲሄድ ያዛል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በአዋጁ መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ክርክሩም በሌለበት ይሰማል። ስንት እህታችን ፈርታ ወይም ሳታውቅ ቤቷ ትቀራለች! ስለዚህ መጥሪያ ሲደርስ ዝም አትበሉ፤ ቀርባችሁ እሺም እንቢም በሉ። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።

ወንድሞቼ! «ፈቃዳችን ይከበር» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች በቤታችን የእህታችንን ፈቃድ ልንረግጥ አይገባም። ፍትሕን የምንሻ ከሆነ ከራሳችን ደጃፍ እንጀምር።

አላህ ለፍትሕ ከሚቆሙት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።