የራሳችሁ መግቢያ

እህቶቼ፣ እኔም እንደ እናንተ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም በቤቱ ኮምፒውተር እንድትጠቀሙ ከፈቀደች፣ በልጆቹ መግቢያ አትግቡ፤ የጠፋ ፋይል ሁሉ በእናንተ ይሳበባል። ለብቻችሁ አካውንት እንድትከፍትላችሁ በትሕትና ጠይቋት።

ዊንዶውስ ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ ከዚያ «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ» ግቡና የተሰጣችሁን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ቁጥር ከቀለላችሁ ፒን አውጡ፤ ፒኑ የሚሠራው በዚያው ኮምፒውተር ብቻ ነው። የትውልድ ዘመናችሁን ግን አታድርጉ፤ ፓስፖርታችሁን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ስትነሡ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ኤል»ን አብራችሁ ተጫኑ፤ ይቆለፋል።

አንድ ነገር ዕወቁ፦ የኮምፒውተሩ አድሚን የሆነ ሰው የእናንተንም ፋይል መክፈት ይችላል። የውላችሁንና የፓስፖርታችሁን ኮፒ ለቤተሰብ ላኩ እንጂ እዚያ አታስቀምጡ።