የሞተውን እንቀብራለን፤ የተመለሰውንስ?

(ከዚህ በታች የምታነቡት በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ተናጋሪው በፍሪላንስ ጋዜጠኝነት የሚሠሩ ናቸው። በመጠኑ ከማሳጠራችን በቀር እንዳለ አቅርበነዋል።)



 ሐኪም አይደለሁም፤ ቄስም ሼክም አይደለሁም። ጽፌ የማድር ሰው ነኝ። ዛሬ እፊታችሁ የቆምኩት ግን በጋዜጠኝነቴ ሳይሆን የወታደር ልጅ በመሆኔ ነው።

ብዙዎቻችሁ አባቴን ታውቁታላችሁ። "ዐሥር አለቃው" እያላችሁ ትጠሩት የነበረው ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን በእግሩ ተጉዞ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ እዚህ ሰፈር ሲደርስ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ!" ብሎ እልል አለ፤ ቡና ተፈላ፤ በማግስቱ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። እልልታውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ሌሊት ሌሊት የሚመጣውን ጩኸት የሰማነው ግን እማዬና እኔ ነን።

የድስት ክዳን ሲወድቅ አባቴ መሬት ላይ ይነጠፋል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ እህል አይበላም ነበር። አንድ ሌሊት እማዬ ከቅዠቱ ልትቀሰቅሰው ትከሻውን ብትነካው አንገቷን አነቃት። ከዚያን ቀን ወዲህ አትነካውም። በሩ ዘንድ ቆማ በስሙ እየጠራች "ቤትህ ነህ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅህም ተኝቷል" ትለው ነበር። ይኼን ማንም አላስተማራትም። በኋላ ለሥራዬ ሐኪሞችን ሳነጋግር "ትክክለኛው ዘዴ እሱ ነው" አሉኝ። ሰፈሩ ግን ስም አወጣለት፤ "ሰካራሙ ዐሥር አለቃ" ተባለ። አረቄውን የሚጠጣው እንቅልፍ ፍለጋ እንደ ነበር ማን ጠየቀው?

ወገኖቼ! ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ያን ጊዜ ለቀድሞ ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሥርቷል፤ ቀለብ ተሰፍሯል፤ ለገጠሬው የእርሻ ዕርዳታም ተሰጥቷል። መካድ አይገባም። ለአባቴ እንቅልፍ ግን የታሰበ ነገር አልነበረም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ትናንት "የደርግ ወታደር" ተብሎ የተሰደበው ሰው "ና፣ አገር ተወረረች" ተብሎ ተጠራ። ብዙው ሄደ። ከሄደውም የተመለሰው ተመለሰ። እንዴት ሆኖ ተመለሰ? ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተገታ። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ኅብረተሰቡ እመልሳለሁ ብሎ ዕቅድ አወጣ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። እንግዲህ ልብ በሉ! እነዚህ ሰዎች የሚመለሱት ወደ ቢሮ አይደለም። የሚመለሱት ወደ እናት፣ ወደ ሚስት፣ ወደ ጎረቤት ነው። በየትኛውም ወገን ይሰለፍ፣ የትግራይ እናትም ሆነች የአማራ፣ የአፋርም ሆነች የኦሮሞ እናት ሌሊት የምትሰማው ጩኸት አንድ ነው።

ሕመሙ ስም አለው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮቻቸውን ሁኔታ ካዩ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 "ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት" ብለው በመዝገባቸው አስገቡት። ቅዠት፣ መደንበር፣ ያለፈውን የሚያስታውስን ነገር ሁሉ መሸሽ፣ ድንገተኛ ቁጣ… ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። እብደት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። በሠለጠነ ባለሙያ የንግግር ሕክምናም ሆነ በመድኃኒት ሊሻለው የሚችል ሕመም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት ጦርነት ከነካቸው አካባቢዎች ሕዝብ ከአምስት ሰው አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ችግር አለበት።

"ታዲያ ሆስፒታል ይሂድ" ትሉኝ ይሆናል። የትኛው ሆስፒታል? በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አገር ቤት የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል፣ ወይ ሼኩ ዘንድ፣ ወይ የጸሎት ቤት ነው። ይህን ማፈር አያስፈልግም። እኛም ሄደናል።

የሄድንበትን ጠበል ስም አልጠራም። አባቴ በዚያን ጊዜ ከሆስፒታል የተሰጠውን ክኒን ይወስድ ነበር፤ እንቅልፉም ትንሽ ተመልሶ ነበር። ጠበሉ ላይ ያገኘነው አንድ አጥማቂ ነኝ ባይ "ሁለት ጌታ አይመለክም" ብሎ ክኒኑን አስጣለው። በሦስተኛው ሳምንት ባሰበት፤ እጁንና እግሩን በሰንሰለት አሰሩት። እማዬ ያላትን ሸጣ ይዛው ተመለሰች። የሰንሰለቱ ጠባሳ እስኪሞት ድረስ እጁ ላይ ነበር። በጦር ሜዳ ያላገኘውን ቁስል መዳን ፈልጎ ከሄደበት ይዞ መጣ።

ይሁንና ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የሃይማኖት አባቶችን በደልኩ ነበር። አባቴን ያነሳው ደግሞ የንስሐ አባታችን ነበሩ። በየዓርቡ ቤት እየመጡ ይቀመጣሉ። ስብከት የለም። "ዐሥር አለቃ፣ ዛሬ እንዴት አደርክ?" ብቻ ነው። ክኒኑን ራሳቸው በጠበል ያስውጡት ነበር። በስንተኛው ዓርብ እንደ ሆነ አላውቅም፣ አባቴ ተናገረ። በማፈግፈግ ላይ ሳሉ እግሩን የተመታ ጓደኛውን ጥሎ መጥቷል። "አትተወኝ" ሲለው ሰምቶ ሄዷል። ይህን በኋላ ለእኔም ነግሮኛል።

ቄሱ "እርሳው" አላሉትም። "ስማቸውን ስጠኝ፣ በጸሎት እንጠራቸዋለን" አሉት። አባቴ የሰባት ጓደኞቹን ስም አጻፈ። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቀው የሁለቱን ብቻ ነበር። "ግድ የለም፣ እሱ ያውቃቸዋል" አሉ። ከሰባቱ ሁለቱ እስላሞች ነበሩ። ለእነሱም የጎረቤታችን ሐጂ እቤታችን መጥተው ዱዓ አደረጉ። በዚያ ቀን አባቴ ተመልሶ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ይተኛ ነበር። አረቄውንም ቀስ በቀስ ተወ።

ይኼ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የገደለን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር አልደመረውም፤ ሆኖም ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀብ ይሻላል ሲል መክሯል። እንደኔ አስተያየት የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ሸክም ይዞ ይመጣል፤ ሸክሙን የሚያራግፍበት ጊዜና መንገድ ሊበጅለት ይገባል። ዛሬ የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች "የኅሊና ቁስል" ብለው የሚያጠኑትን ነገር አባቶች ቀድመው ያዩት ይመስለኛል።

ጠበልና ክኒን ይጣላሉ የሚለውም ነገር መልስ አግኝቷል። በ1999 ዓ.ም. ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለኤች አይ ቪ የተፈቀደ ለአእምሮ ሕመም ለምን ይከለከላል? መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና አክብሩት ይላል። በእስልምናም በሽታን የሰጠ አምላክ መድኃኒቱንም ሰጥቷልና ታከሙ የሚል ትምህርት አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. በጋናና በናይጄሪያ የወጣ ጥናት እንዳሳየው የጤና ባለሙያዎች ፈዋሾቹና ጸሎተኞቹ ያሉበት ድረስ ሄደው አብረው በሠሩበት ቦታ ሕመምተኞቹ ይበልጥ ተሻሽለዋል። በዚምባብዌ ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠልጥነው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን የሚያደምጡ አያቶች አሉ። ዶክተር አይደሉም። እንደናንተ ያሉ እናቶች ናቸው።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። "እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የመንግሥት ሥራ ነው! ወደ ጦር ሜዳ ሲሸኝ ከበሮ የመታ ሁሉ፣ ሲመለስ ሐኪም የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህንን ከመጠየቅ መቦዘን የለብንም። ነገር ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በር ሲንኳኳ የሚከፍተው ሚኒስትሩ አይደለም፤ ጎረቤት ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የመተዳደሪያ ደንባችን ተሻሽሎ ከወርሃዊ መዋጮው ጥቂቱ ለታመመ አባል የትራንስፖርትና የመድኃኒት ወጪ ይዋል። ሁለተኛ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ያለበትን ቤት በየሳምንቱ የሚጠይቁ ሁለት ሁለት ሰዎች ይመደቡ። ከሁለቱ አንዱ የቀድሞ ወታደር ቢሆን ይመረጣል። ሥራቸው መስማት ነው። "ስንቱን አለፍከው፣ እርሳው" ማለት ክልክል ይሁን። ሦስተኛ፣ ሚስቶችና እናቶች ለብቻቸው ቡና የሚጠጡበት ቀን ይኑር። እማዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ያወራችው ከግድግዳ ጋር ነው።

አራተኛው ለሃይማኖት አባቶች ነው። ሲሄድ መስቀል ያሳለማችሁት፣ ዱዓ ያደረጋችሁለት ልጅ ሲመለስም በሩ ላይ ጠብቁት። መድኃኒት አታስጥሉ፤ ሐኪም ሳያዝ በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ያብሳል። ሰንሰለት ይቅር። "መኖር ሰልችቶኛል" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ደግሞ ነገ አትበሉ። መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ፤ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ጸሎቱ በመንገድም ይደርሳል።

በመጨረሻም፣ አባቴ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍ ይህ እድር ያደረገልንን አልረሳም። ድንኳኑ ተተከለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር የሞላ ሰው አብሮን አመሸ። "ዐሥር አለቃ ደግ ሰው ነበር" ያላለ አልነበረም። እኔ ግን ጥግ ላይ ተቀምጬ "ምነው ከነዚህ ሰዎች አሥሩ በሕይወቱ ሳለ አንድ አንድ ማታ በመጡ ኖሮ" እያልኩ አስብ ነበር።

ዛሬ ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሰ አንድ ወጣት እዚሁ ሰፈራችን አለ። እናቱ ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው፤ ስሙን ግን አልጠራም። ሌሊቱን መብራት ሳያጠፋ ነው የሚያድረው። ገና በሕይወት አለ። ድንኳን ከመትከላችን በፊት በሩን እናንኳኳ።