ከበረዶ ግግር ሥር


እ.ኤ.አ. በ1911 የሥነ ምድር ተመራማሪው ግሪፊት ቴይለር በአንታርክቲካ፣ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የበረዶ ግግር ጫፍ ላይ ደም የመሰለ ቀለም አዩ። ቀይ ዋቅላሚ ነው ብለው ገመቱ። ቀለሙ ግን የመጣው ከብረት ነበር።

ከግግሩ ሥር እጅግ ጨዋማ ውሃ አለ፤ ጨው ውሃ የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ስለሚቀንስ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታችም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ከዐለቱ የወጣው ብረት ኦክስጅን በሌለበት በዚያ ጨለማ ሟምቶ ይኖራል፤ ውሃው ወደ ውጭ ፈስሶ አየር ሲያገኘው ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይቀላል።

በውሃው ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ተገኝተዋል፤ ያለ ፀሐይ ብርሃን ሰልፌትንና ብረትን ተጠቅመው ይኖራሉ። ቴይለር በቀለሙ ተሳስተዋል፤ ሕይወት ግን ነበረ፣ እርሳቸው ባላዩት ስፍራ። ስለዚህ በረዶን በምድር ላይ የተደፋ ሙት ክዳን አድርገን አንቁጠረው፤ ከሥሩ ውሃ፣ ዐለትና ሕይወት ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።